የአባትህ ዱካ

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 29 ነው። ደሴ ተወልጄ ያደግሁ፣ በአካውንቲንግ የተመረቅሁ ሰው ነኝ። አባቴ ጉልበታቸውን ስላመማቸው ከአምና ጀምሮ ፒያሳ ያለውን የጨርቃ ጨርቅ ሱቃቸውን ተረክቤ እሠራለሁ። ሱቁን አዘመንኩት። ቀለም ቀባሁት፣ መብራቱን ቀየርኩ፣ ዕቃው ሁሉ ላይ ዋጋ ለጠፍኩ። ምንም ሳይገዙ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው የሚውሉ ሽማግሌዎች ስለነበሩ ዱካውን አንሥቼ በቦታው መደርደሪያ አስገባሁ። ዋጋዬ ከጎረቤቶቼ ይቀንሳል። ቅሬም (የለቅሶ እድራችን) ቢሆን ጊዜ ስለሌለኝ ባልሄድ ቅጣቴን በወቅቱ እከፍላለሁ።

ግን ሰው አያከብረኝም። አባቴ ሲያልፉ ቡና የሚጠጣው ሁሉ ‹ኑሩ› እያለ ይነሣላቸዋል። እኔ ሳልፍ ቀና ብሎ የሚያየኝ የለም። ከአባቴ ጋር 20 ዓመት የሠራው የሱቁ ልጅ ደንበኛ ፊት ይመልስልኛል። ጎረቤት ያሉ አንድ ነጋዴ፣ ደንበኞቼ እያዩ፣ ‹አንተ ልጅ፣ ሻይ እዘዝልኝ› ይሉኛል። ባለፈው ደግሞ አንድ ሽማግሌ ገብተው አሥር ሜትር አቡጀዲ ጠየቁ። ዋጋ ቀንስ እያሉ ሲጨቀጭቁኝ ‹አባቴ፣ ዋጋው ተለጥፏል፣ አያዩትም?› አልኳቸው። ‹አብሽር ልጄ፣ አባትህን ሰላም በልልኝ› ብለው ወጡ። ትንሽ ቆይቼ ብወጣ ያንኑ አቡጀዲ ከጎረቤት በውድ ገዝተው ሲሄዱ አየኋቸው። ይሄ ንቀት ካልሆነ ምንድን ነው? ክብር እንዴት ነው የሚገኘው? — ሱቁን የተረከብኩት፣ ከደሴ»

ጤና ይስጥልኝ ልጄ።

ደብዳቤህ አራት ገጽ ነው፤ ለአንባቢ ብዬ አሳጥሬዋለሁ። እኔ ግን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ አዘንኩልህ። ቀጥዬ እርሳስ ይዤ አነበብኩት። የአስተማሪ ነገር፣ አይለቅም። ከ30 ዓመት በላይ አማርኛ ሳስተምር ኖሬያለሁና ጽሑፍ ሲደርሰኝ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ጸሐፊው ሰውን በምን ስም እንደጠራ ነው።

እስቲ «የሱቁ ልጅ» ካልከው ሰው እንነሣ። በአራቱ ገጽ ውስጥ ስድስት ጊዜ አንሥተኸዋል። ስድስቱንም ጊዜ «ልጁ» ነው። ግን ራስህ 20 ዓመት ሠርቷል ብለሃል። አካውንታንት ነህና ደምረው። በ18 ዓመቱ ቢቀጠር እንኳ ዛሬ 38 ነው። አንተ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆነህ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እሱ እዚያው ባንኮኒ ኋላ ቆሞ ጨርቅ ይለካ ነበር። ማን ያውቃል፣ ቦርሳህን ተቀብሎህ፣ ጣቃው ላይ አስቀምጦህ ሙዝ ገዝቶልህ ይሆናል። አሁን አለቃው ሆነህ መጣህና «ልጁ» አልከው። ከዚያ ይመልስልኛል ትላለህ። ምን ብሎ እንደመለሰልህም ጽፈሃል፤ «ጋሼ እንዲህ አያደርጉም ነበር» ነው ያለህ። ይሄ እኮ ስድብ አይደለም። የሱቁን ወግ ሊያስተምርህ የሚሞክር ያገኘኸው እሱን ብቻ ነው።

ደንበኛ ፊት መናገሩ ግን ልክ አይደለም። እዚህ ላይ ካንተ ጋር ነኝ። ሱቅ ሁለት አፍ ካወጣ ገዢ ግራ ይገባዋል። ብቻ ይህን ልትነግረው የምትችለው መጀመሪያ በስሙ ስትጠራው ነው። ጠዋት፣ ሱቁ ገና ሳይከፈት፣ ሁለት ስኒ ቡና አስመጣ። «ጋሼ» በልና ስሙን ጨምርበት። «እኔ ሂሳብ እችላለሁ፣ የገበያውን ሰው ግን ገና አላወቅኩትም። የማጠፋውን ይንገሩኝ፣ ግን ማታ ሱቅ ስንዘጋ» በለው። የመጀመሪያ ቀን «ጋሼ» የምትለው ቃል ከጉሮሮህ አልወጣ ትልሃለች። ሁለት ቀን ነው፣ ይለመዳል።

አሁን ወደ «ኑሩ» ልሂድ። አንተን ከሁሉ በላይ ያንገበገበህ ይሄ ነው መሰለኝ።

ሰው ሲመጣ የተቀመጠው ተነሥቶ «ኑር» ይላል፣ መጪው «በእግዜር» ብሎ ያስቀምጠዋል። ይህን ታውቃለህ። ልብ ብለህ ካየኸው ግን ማንም ዘሎ አይነሣም። እስቲ ነገ ቡና የሚጠጡትን ሰዎች እያቸው። ሰውየው መጀመሪያ ስኒውን ያስቀምጣል። አንድ እጁ የወንበሩን ጫፍ ይይዛል። ከወገቡ ትንሽ ወደፊት ይላል። ልነሣ ወይስ ልቀመጥ በሚል ሁኔታ፣ ግማሽ ተነሥቶ፣ ዓይንህን ይጠብቃል። ዓይንህ ከመጣለት ሙሉውን ይነሣል። ካልመጣለት ጋቢውን የሚያስተካክል መስሎ ተመልሶ ቁጭ ይላል። ያፍራል እኮ! ጎረቤቱ አይቶት እንደሆነ በጎን ያያል። በማግስቱ አይሞክራትም።

አንተ እንዴት እንደምታልፍ አላየሁም። ግን ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ስለ ሥራ ብዛትህ ስትጽፍ፣ «ጠዋት ጠዋት ጆሮዬ ላይ ኢርፎን ስላለ ሰው ቢጠራኝም አልሰማም» የምትል ዓረፍተ ነገር አለች። ጊዜህን በከንቱ እንደማታባክን ልትነግረኝ ነው የጻፍካት። እኔ ግን አሰመርኩባት። ስንት ሰው በግማሽ ተነሥቶልህ ተመልሶ እንደተቀመጠ አንተም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ። እንዳንተ አባት ያሉ ነጋዴዎችን ግን አውቃለሁ። የሦስት ደቂቃ መንገድ ሩብ ሰዓት ይፈጅባቸዋል። የአንዱ ልጅ ተሽሎት እንደሆነ ይጠይቃሉ፣ የሌላው ላም ወልዳ እንደሆነ ይጠይቃሉ፣ ነገ ጠዋት ደግሞ መልሱን ከዚያው ይቀጥላሉ። ላሟ ብትወልድ ባትወልድ ለሱቃቸው ምን ይፈይዳል? ምንም። እንዲሁ ይጠይቃሉ።

ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ። «አንተ» ሁሉ ንቀት አይደለም። እኔም ከላይ ጀምሬ «አንተ» እያልኩህ ነው፣ ሳትቀየመኝ እስከዚህ ደርሰሃል። እናትህ ነገ ጠዋት «እርስዎ» ብትልህ ደስ ይልሃል? ትደነግጣለህ እንጂ።

ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ የማነሣው አንድ የሰዋስው ነገር ነበረ። አማርኛ ሰውን ሲያከብር አንዱን እንደ ብዙ ይቆጥረዋል። «ልጆቹ መጡ» እና «ሽማግሌው መጡ» ስንል ግሱ ያው «መጡ» ነው። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር አንዱ ተንኮለኛ «ቲቸር፣ አንቱ የሚባል ሰው ታዲያ ስንት ነው?» አለኝ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ስቄ አለፍኩት። የአንተን ደብዳቤ ሳነብ ነው መልሱ የመጣልኝ። አባትህ ሲያልፉ የሚነሣው ሰው አንድ ሰው ብቻ አይደለም የሚያየው። በዱቤ ልብስ ሰጥተው የዳሩለትን ልጁን ያያል። የቀበሩለትን ወንድሙን ያያል። ከጎረቤቱ ያስታረቁትን ቀን ያያል። ሁሉም አብረዋቸው ያልፋሉ። አንተ ገና ብቻህን ነህ የምታልፈው። በ29 ዓመት ይህ ጥፋት አይደለም፣ ዕድሜ ነው። ጥፋቱ የአርባ ዓመቱን ቤት ከነቁልፉ ስትረከብ ይሄም በርክክቡ ውስጥ ያለ መስሎህ መጠበቅህ ነው።

ሽማግሌው ጋ ስደርስ እርሳሴን አስቀመጥኩ።

አሥር ሜትር አቡጀዲ። ነጭ አቡጀዲ ለምን ለምን እንደሚገዛ ታውቃለህ? ለፍራሽ ልብስ ይሆናል፣ ለአንሶላም ይሆናል። ለከፈን፣ ለሬሳ መገነዣም ይሆናል። ሽማግሌ ሰው ብቻውን ገብቶ ነጭ አቡጀዲ በሜትር ሲጠይቅ እጃቸው ወደ ጣቃው ከመሄዱ በፊት ቀና ብለው «ደህና ነው? ቤት ሰላም ነው?» የሚሉ ነጋዴዎች አይቻለሁ። ሰላም ከሆነ ይሳሳቃሉ፣ ዋጋ ይከራከራሉ፣ ልማዱ ነው። ሰላም ካልሆነ ድምፃቸው ይቀንሳል። ዝም ብለው ይለካሉ፣ በወረቀት አድርገው በሁለት እጃቸው ይሰጣሉ፣ የገንዘቡን ነገር «በኋላ» ይላሉ።

እኚህ ሰው ለምን እንደፈለጉት አላውቅም። ለፍራሽ ሊሆን ይችላል። አንተም አታውቅም፣ አልጠየቅካቸውም።

ደግሞ «ዋጋው ተለጥፏል፣ አያዩትም?» አልካቸው። ባያዩትስ? ዓይናቸው ደክሞ ቢሆንስ? ማንበብ ባይችሉስ? አስተማሪ ነኝ፣ ማንበብ የማይችል ሰው እንዴት እንደሚያመልጥ አውቀዋለሁ። መነጽሬን ረሳሁ ይላል። ይሄ ጽሑፍ ደቀቀ ይላል። ገበያ ላይ ከሆነ ደግሞ «ስንት ነው?» ብሎ እንደማያውቅ ከመታየት «እስቲ ቀንስልኝ» ይላል። ያኔ ነጋዴው ዋጋውን በአፉ ይጠራለታል። አንተ ጭቅጭቅ የመሰለህ ነገር ይህ ሊሆን ይችላል። ጠርተህላቸው ቢሆን ኖሮ እዚያው ያልቅ ነበር።

እሳቸው ግን አልተቆጡህም። «አብሽር» አሉህ። ልብ በል፣ የተነካው ሰው ነው አንተን ያጽናናህ።

ከጎረቤት በውድ መግዛታቸው ሂሳቡ አልገባህም። «ከፍትፍቱ ፊቱ» እያልን ያደግነው ስለ እንጀራ ብቻ ይመስልሃል? ሽማግሌው የጨመሩት ብር የፊት ዋጋ ነው። ጎረቤትህ ምናልባት ያደረጉት «ይግቡ፣ ይቀመጡ» ማለት ብቻ ነው። (እኚህ ጎረቤት አንተን ሻይ የሚያዝዙህ ሰውዬ ከሆኑማ ያስቃል።)

የለጠፍከውን ዋጋ አታንሣ። እኔ አንድ ዋጋ እወዳለሁ። ክርክር ስለማልችል ስንቴ ገበያ ወጥቼ ባዶ እጄን ተመልሻለሁ። ብቻ ወረቀቱ ባንተ ፈንታ አይናገር። «ሜትሩ ይሄን ያህል ነው አባባ፣ ከዚህ አይወርድልኝም፣ ግን ቁጭ ይበሉና በደንብ ይዩት» በል። ዋጋህ አልቀነሰም። ሰውየውም አልቀነሱም።

ይህን ሁሉ የምልህ ንጹሕ ሆኜ እንዳይመስልህ።

ማስተማር የጀመርኩት በ22 ዓመቴ ነው። የክረምት መውጫ ላይ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ አንድ አባት የክፍሌ በር ላይ መጥተው ቆሙ። ጋቢያቸውን አደግድገዋል፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል፣ ጫማቸው ጭቃ ነው። ልጃቸው ሳምንት የቀረችበትን ምክንያት ሊነግሩኝ ነበር የመጡት። እኔ ጠመኔ በእጄ እንደያዝኩ፣ ሙሉ በሙሉ ዞር እንኳ ሳልል፣ «ቢሮ ሂድ፣ እዚህ ትምህርት ላይ ነን» አልኳቸው። ሂድ። አባቴን በዕድሜ የሚበልጡ ሰው። «እሺ እትዬ» አሉኝና ሄዱ። ልጅቷ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። እስከዚያ ቀን እጇን ቶሎ ቶሎ የምታወጣ ልጅ ነበረች። ከዚያ በኋላ እስከ ሰኔ አላወጣችም። ስጠራት ትመልሳለች፣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። እጇ ግን ከጠረጴዛው አልተነሣም። ክፍሉም ጸጥ አለልኝ። ሲፈሩኝ ያከበሩኝ መስሎኝ ዓመቱን ሙሉ ደስ ብሎኝ አስተማርኩ። የገባኝ ራሴ ልጅ ወልጄ፣ አስተማሪ በር ላይ የቆምኩ ቀን ነው።

የዱካውን ነገር እንመልከት። አንተ በአንድ መስመር ነው ያለፍካት። ሽማግሌዎቹ ምንም አይገዙም ብለሃል። ልክ ነህ፣ አይገዙም። ግን የማን ሰርግ እንደደረሰ፣ ማን ከአረብ አገር እንደተመለሰች፣ ማን ቤት እንደጨረሰ የሚወራው እዚያ ነው። የሰርግ ልብስ የሚፈልግ ቤተሰብ «ከማን ሱቅ እንግዛ?» ብሎ የሚጠይቀውም እነሱኑ ነው። ከገጠር የመጣ ሰው ዘንቢሉን «እዚህ ይቆይልኝ» ብሎ የሚያስቀምጠው እዚያ ዱካ ሥር ነው፤ ዘንቢሉን ሊወስድ ሲመለስ ደግሞ ባዶ እጁን አይወጣም። ለማስታወቂያ ሰው ስንት ይከፍላል? አንተ በነጻ የመጣልህን አስነሥተህ መደርደሪያ ተከልክበት። ዱካ ማለት መቀመጫም ነው፣ የእግር ፋናም ነው። የትኛውን እንዳነሣህ አስብበት።

በከተማህ አይጠየፍ አዳራሽ አለ። ስንቴ በአጠገቡ አልፈሃል? ንጉሥ ሚካኤል ናቸው ያሠሩት፤ የልጅ ኢያሱ አባት፣ በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ የተባሉት። ግብር የሚበላበት አዳራሽ ነው። ድሃ ሀብታም ሳይል ሁሉን ስለሚያስተናግድ ነው «አይጠየፍ» የተባለው ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። ሁልጊዜ የሚገርመኝ ስሙ ነው። ያን የመሰለ አዳራሽ በስፋቱ ሊጠራ ይችል ነበር፣ በጌጡም ሊጠራ ይችል ነበር። የተጠራው በማያደርገው ነገር ነው።

ግን እባክህ፣ ይህን አንብበህ ነገ ለሁሉም ጎንበስ ቀና እንዳትል። የወሎ ሰው ጨዋታ አዋቂ ነው፣ ማሽቋለጥን ከሩቅ ይለየዋል። መኪና ይዞ ለመጣው ቡና አስመጥተህ፣ ጭነት ያወረደልህን ወዛደር ብሩን ባንኮኒ ላይ ወርውረህለት ከሆነ፣ ቡናውን የጠጣው ሰውዬም አይቶሃል። ብሩን በእጁ ስጠው። በቀኝህ፣ ግራህን ከክንድህ ሥር አድርገህ፣ አባትህ እንደሚሰጡት። ቢደክምህ፣ ፊትህ ባይፈታልህ እንኳ ይህቺን አትተው። ሁልጊዜ መሳቅ አይጠበቅብህም። እኔም ከመስከረም እስከ ሰኔ የተኮሳተርኩ ሰው ነኝ፣ ጎረቤቶቼን ጠይቅ።

ቅሬውን በአጭሩ። ቅጣት ከፍለህ መቅረት ትችላለህ፣ ደንቡ ይፈቅድልሃል። ብቻ ቅሬ የሚቀጣህ ገንዘብ ቸግሮት አይደለም። ሁሉንም መሄድ ካልቻልክ በወር አንዴ ሂድ፣ አካፋ ያዝ፣ ድንኳን ትከል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል ቆሞ በሚቆፍርበት ቦታ ማንም ዲግሪህን አይጠይቅህም። ጫማህ ይቆሽሻል፣ እሱ ይጠረጋል።

ጎረቤትህን በተመለከተ አንተ ልክ ነህ። «አንተ ልጅ» ብቻ ቢሆን ዝም በል እልህ ነበር። ደንበኛ ቆሞ እያየ ሻይ ማዘዝ ግን የሱቁን ጌታ ማሳነስ ነው፣ ይህን እሳቸውም ያውቃሉ። ቢሆንም ደንበኛ ፊት አትመልስላቸው። ማታ ሲዘጉ፣ ሁለት ሻይ ራስህ ይዘህ ሂድ። ቁጭ በልና «ሻዩን አመጣሁልዎት። ማታ ማታ ካሉኝ ሁልጊዜም አመጣለሁ። ቀን፣ ገዢ ፊት ግን አይዘዙኝ፣ አባቴን ነው የሚያሳንሱብኝ» በላቸው። ይስቃሉ፣ ትንሽም ያፍራሉ። ከሳምንት በኋላ ከደገሙት፣ የሚያፍሩት አንድ ሽማግሌ ፈልገህ ንገር። ሽምግልና ለደም ብቻ አይደለም፣ ለሻይም ይሆናል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሽማግሌው ሲወጡ «አባትህን ሰላም በልልኝ» ብለውህ ነበር። አድርሰሃል? ደብዳቤህ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። ሰላምታ እኮ አደራ ነው። ዛሬ ማታ ቤት ስትገባ ስልክህን አስቀምጥና አባትህ አጠገብ ቁጭ በል። ጉልበታቸውን እሽት እሽት አድርግላቸው። መልካቸው እንዲህ የሆነ፣ እንዲህ ያለ ጋቢ የለበሱ፣ አቡጀዲ የጠየቁ ሰው ሰላም ብለዎታል በላቸው። ያልካቸውንም አትደብቅ። አባትህ ማን እንደሆኑ ሳያውቋቸው አይቀርም፣ አቡጀዲው ለማን እንደነበረም ምናልባት ሰምተዋል። ለቅሶ ከሆነ መሽቷል አትበል፣ ጋቢህን ደርብና ሂድ።